ስለ ሁይዡ ባህልና ጥንታዊ ቤቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የእነዚያን ነጭ ግድግዳና ጥቁር ክዳን ያላቸው የቻይና መንደሮች ፎቶ ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁይዡ የት ነው?

ሁይዡ በምሥራቅ ቻይና የነበረ ጥንታዊ ግዛት ነው። አብዛኛው ዛሬ በአንሁይ ክፍለ ሀገር ደቡባዊ ጫፍ ላይ ይገኛል። ስድስት ወረዳዎች ነበሩት፦ ሸ፣ ዪ፣ ሺውኒንግ፣ ቺመን፣ ጂሺ እና ዉዩዋን። ሁይዡ የሚለውን ስም ያገኘው በ1121፣ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። «አንሁይ» የሚለው የክፍለ ሀገሩ ስም ራሱ ከሁለት ቦታ የተውጣጣ ነው። «አን» አንቺንግ ከምትባል ከተማ፣ «ሁይ» ከሁይዡ።

አገሩ ተራራማ ነው። የአካባቢው ሰው ሲገልጸው «ሰባት እጅ ተራራ፣ አንድ እጅ ውሃ፣ አንድ እጅ እርሻ፣ አንድ እጅ መንገድና መንደር» ይላል። ይህችን አባባል ያዙልኝ። ንግዱም፣ ስደቱም፣ የቤቶቹ አሠራርም የሚጀምረው ከአሥር አንድ እጅ ከሆነችው ከዚያች እርሻ ነው።

ጓንግዡ አጠገብ ያለችው ሁይዡ ናት?

አይደለችም። ዕቃ ለመግዛት ጓንግዡ የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችን የሚያውቋት ሁይዡ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ለሼንዘን ቅርብ የሆነች የፋብሪካ ከተማ ናት። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስማቸው አንድ ነው። በቻይንኛ ግን የመጀመሪያው ፊደል ይለያያል፤ ድምፁም ሲነበብ አንድ አይደለም። የባቡር ትኬት ስትቆርጡ እንዳትሳሳቱ። ወደ ጥንታዊዎቹ መንደሮች መሄድ የፈለገ ሰው «ሁዋንግሻን» የሚል መድረሻ ነው መፈለግ ያለበት።

ታዲያ ይህ ጥንታዊ ሁይዡ ካርታ ላይ ለምን አይገኝም?

ስሙ ስለተቀየረ ነው። በ1987 አካባቢው «የሁዋንግሻን ከተማ አስተዳደር» ተባለ። ሁዋንግሻን በቻይና እጅግ ዝነኛ ከሆኑት ተራሮች አንዱ ነው፤ ስሙም ቱሪስት ይጠራል። «ሁይዡ» የሚለው ስም ዛሬ የቀረው በከተማው አስተዳደር ሥር ላለ አንድ አነስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ከስድስቱ ወረዳዎች ጂሺ ወደ ሌላ አስተዳደር ሄዷል።

የዉዩዋን ደግሞ የባሰ ነው። በ1934 ወደ ጎረቤቱ ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር ተሰጠ። ሕዝቡ «እኛ የሁይዡ ሰዎች ነን» ብሎ አጥብቆ ተቃወመ፤ በ1947 ተመለሰ። በ1949 እንደገና ወደ ጂያንግሺ ተወሰደ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። ስማችን ይመለስልን የሚለው ጥያቄ ዛሬም ይነሳል። እኔም ቢመለስ ደስ ይለኛል። ስምንት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ስም ነበር።

እርሻ የሌለው አገር ይህን ሁሉ ቤት በምን ገንዘብ ሠራ?

በንግድ። መሬቱ ሕዝቡን አልመግብ ሲል ወንዶቹ ወጡ። ሻይ፣ እንጨትና የጽሕፈት ቀለም ይዘው በሺንአን ወንዝ ቁልቁል ወደ ሃንግዡ ከተማ ይወርዳሉ። በሚንግና በቺንግ ሥርወ መንግሥታት ጊዜ (1368–1912) የሁይዡ ነጋዴዎች ከቻይና ትልልቅ የንግድ ቡድኖች አንዱ ሆኑ። በያንግዡ ከተማ የጨው ንግድ ላይ የነበራቸው ጉልበት በተለይ ከፍተኛ ነበር። ጨው በመንግሥት ፈቃድ ብቻ የሚነገድ ዕቃ ስለነበር ፈቃዱን የያዘ ሰው ሀብታም ይሆናል። ዕቃ በመያዣ ይዘው ገንዘብ የሚያበድሩ ሱቆችም በየከተማው ነበሯቸው። «የሁይ (የሁይዡ) ሰው የሌለበት ቦታ ከተማ አይሆንም» ይባል ነበር።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። የሁይዡ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ግጥም አለ፤ ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ባለፈው ሕይወትህ መልካም ባትሠራ በሁይዡ ትወለዳለህ፤ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመት ሲሞላህ ወደ ውጭ ትወረወራለህ። ልጁ የሩቅ ዘመድ ሱቅ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ይጀምራል። ጎበዝ ከሆነ ያድጋል፣ አገሩ መጥቶ ያገባል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ያገኘውን ብር አገር ቤት ይልካል። ቤቱ፣ ድልድዩ፣ ትምህርት ቤቱና የዘር አዳራሹ (ዘመዳሞች ቅድመ አያቶቻቸውን የሚያከብሩበት) የተሠሩት በዚያ ብር ነው። እነዚህን ቤቶች ስታዩ በብዛት ያሠራቸው ሰው እንዳልኖረባቸው አስታውሱ።

የሁይዡ ቤት በምን ይለያል?

ከውጭ፦ በኖራ የተቀባ ረጅም ነጭ ግድግዳ፣ ጥቁር ግራጫ የሸክላ ክዳን፣ ጥቂት መስኮት። ከውስጥ፦ ሁለት ፎቅ፣ መሀል ላይ ወደ ሰማይ የተከፈተ ቀዳዳ፣ በዙሪያው የተቀረጸ እንጨት። ውጩ ዝምተኛ ነው፤ ሀብቱ ሁሉ ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ቤቱን የተሸከመው ግድግዳው አይደለም። ምሰሶና ወራጁ እርስ በርስ እየተሰካካ፣ ያለ ሚስማር፣ ራሱን ችሎ ይቆማል። የጡብ ግድግዳው እንደ ልብስ ነው። አናጢዎቹ «ግድግዳው ቢወድቅ ቤቱ አይወድቅም» የሚሉት ለዚህ ነው። ነጩ ኖራ ደግሞ በዚያ እርጥበት ቶሎ ይወይባል። ፎቶ ላይ የምናየው ጥቁርና ግራጫ እድፍ ያለበት ግድግዳ መጀመሪያ እንደ ወተት የነጣ ነበር።

ደረጃ ደረጃ እየሠራ የሚወርደው ግድግዳ ምንድን ነው?

«የፈረስ ራስ ግድግዳ» ይባላል። ጫፉ ወደ ላይ ቀና ስለሚል የፈረስ ራስ ይመስላል። ለጌጥ የተሠራ ይመስላል እንጂ ሥራው እሳት መከላከል ነው። ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ ውስጣቸው ሙሉ በሙሉ እንጨት ነው። አንዱ ከተያያዘ መንደሩ ያልቃል። ስለዚህ የጎን ግድግዳው ከጣሪያው በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ነበልባሉም ወደ ጎረቤት ክዳን እንዳይዘል ያግደዋል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሄ ሺን የሚባል የሁይዡ አስተዳዳሪ አምስት አምስት ቤት ተቧድኖ በጋራ የእሳት ግድግዳ እንዲያቆም አዘዘ። በኋላ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን መሥራት ጀመረ፣ ቅርጹም እየተዋበ ሄደ።

መስኮቶቹ ለምን ትንንሽና ከፍ ያሉ ሆኑ?

ሌባ እንዳይገባ። አባወራው ዓመቱን ሙሉ የለም። ቤት ውስጥ ያሉት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው፤ ነጋዴ ቤት ደግሞ ብር እንዳለ ሌባው ያውቃል። ሴቶቹ ወደ መንገድ እንዳያዩና እንዳይታዩ የሚፈልገው የዘመኑ ልማድም ተጨምሮበታል።

መሀሉ ጣሪያ ከሌለው ዝናብ ሲዘንብ ምን ይሆናል?

ዝናቡ ቤት ውስጥ ይዘንባል። አዎ፣ የተሠራው ለዚሁ ነው። ያ ክፍት ቦታ «የሰማይ ጉድጓድ» ይባላል። መስኮቱ ትንሽ በሆነበት ቤት ብርሃንና አየር የሚገባው በእሱ ነው። በበጋ ሞቃቱ አየር በዚያ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከታች ቀዝቃዛው ይቀራል።

የጣሪያው አራቱም ጎን ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ውሃው በአሸንዳ ተሰብስቦ በድንጋይ ወደተነጠፈችው ጎድጓዳ ቦታ ይወርዳል፣ ከዚያ በመሬት ውስጥ ቦይ ይወጣል። ይህን «አራቱ ውሃዎች ወደ አዳራሹ ይመለሳሉ» ይሉታል። በነጋዴዎቹ እምነት ውሃ ሀብት ነው፤ የራስን ጣሪያ ውሃ ወደ ውጭ ማፍሰስ ገንዘብን እንደመበተን ነው። ከታች ትልልቅ የውሃ ጋን ይቀመጣል። እሳት ቢነሳ የመጀመሪያው መከላከያ እሱ ነው።

ክረምት ላይ ብርዱ እውነተኛ ችግር ነው። አዳራሹ በአንድ በኩል ሙሉ በሙሉ ለዚያ ክፍት ቦታ የተጋለጠ ነው። ሰዎቹ ፍም የተሞላ ዕቃ ይዘው፣ እጅና እግራቸውን እያሞቁ ነው የሚቀመጡት። ፎቶው ላይ ይህ አይታይም።

አዳራሹ ውስጥ ሁሌ ሰዓት፣ የአበባ ማስቀመጫና መስታወት የሚታየው ለምንድን ነው?

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ከግድግዳው ሥር ረጅም ጠባብ ጠረጴዛ አለ። መሀሉ ላይ ሰዓት፣ በምሥራቅ በኩል የሸክላ ማስቀመጫ፣ በምዕራብ በኩል መስታወት ይቆማል። በቻይንኛ የሰዓቱ፣ የማስቀመጫውና የመስታወቱ ስም ሲገጣጠም «ዕድሜ ልክ ሰላምና እርጋታ» ከሚለው አባባል ጋር ድምፁ ይመሳሰላል። ሩቅ አገር ላለ ሰው በዕቃ የተጻፈ ጸሎት ነው።

ግማሽ ክብ የሆኑት ጠረጴዛዎችም የራሳቸው ነገር አላቸው። አስጎብኚዎች እንደሚተርኩት አባወራው ሲሄድ ጠረጴዛው ለሁለት ተከፍሎ በየግድግዳው ይደገፋል፤ ሲመለስ ይገጠማል። እንግዳ ሲገባ ጠረጴዛውን አይቶ ባል መኖሩንና አለመኖሩን ያውቃል፣ ሥነ ሥርዓቱንም በዚያው ልክ ያስተካክላል።

የእንጨት ቅርጾቹ ምን ይተርካሉ? የት ነው የሚታዩት?

ሁይዡ በሦስት ዓይነት ቅርጽ ይታወቃል፦ በጡብ፣ በድንጋይ፣ በእንጨት። የጡቡ በር ላይ ነው፣ የእንጨቱ ውስጥ። አንድ ቤት ብቻ ማየት ለሚፈልግ ሰው ሆንግጹን መንደር ውስጥ ያለውን የቼንግዢ አዳራሽ እመክራለሁ። በ1855 ዋንግ ዲንግጉይ የሚባል የጨው ነጋዴ ያሠራው ነው። 136 የእንጨት ምሰሶዎችና 9 የሰማይ ጉድጓዶች አሉት። ቁማር የሚጫወቱበትና ኦፒየም የሚያጨሱበት ክፍል ሳይቀር ተለይቶ ተሠርቶለታል።

ከፊት አዳራሹ ወራጅ ላይ ያለውን ቅርጽ ተጠግታችሁ እዩት። ንጉሥ ለሹማምንቱ ያዘጋጀው ግብዣ ነው። አንዱ ሹም ቼዝ ይጫወታል፣ ሌላው ሥዕል ያያል። ወደ ዳር አንድ ሰው ሻይ ያፈላል፤ በሌላው ዳር ደግሞ አንዱ ሹም ጆሮውን ያስጠርጋል። ሌላው ወራጅ ላይ መቶ ሕፃናት የፋኖስ በዓልን ያከብራሉ፣ ከበሮ የሚመታ አለ፣ ርችት የሚለኩስ አለ። በባህል አብዮቱ (አሮጌው ባህል እንዲጠፋ በተዘመተበት በማኦ ዘመን፣ 1966–1976) ጊዜ እንዲህ ያለ ቅርጽ እየተፈለገ ይሰበር ነበር። የዚህ ቤት ቅርጾች የተረፉት በጭቃ ተለስነውና በመፈክር ወረቀት ተሸፍነው ነው ይባላል።

ሆንግጹን በበሬ ቅርጽ ነው የተሠራችው የሚባለው እውነት ነው?

ነዋሪዎቹ የሚሉት እንደዚያ ነው። ኮረብታው ራስ፣ ሁለቱ ትልልቅ ዛፎች ቀንድ፣ ቤቶቹ ገላ፣ ድልድዮቹ እግር። በየቤቱ ደጃፍ የሚሄደው ቦይ አንጀት ነው፤ መሀል ያለው ኩሬ ጨጓራ፣ ከመንደሩ በስተደቡብ ያለው ሐይቅ ሆድ።

በሬውን ብትተዉት እንኳ የውሃው ሥራ ድንቅ ነው። መንደሯ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በዋንግ ቤተሰብ ተመሠረተች። ቦዩና ኩሬው የተቆፈሩት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፣ ሐይቁ በ1607 ተጨመረ። ከወንዙ የተጠለፈው ውሃ በየቤቱ በር ያልፋል። ለመጠጥ፣ ለልብስ፣ ለእሳት ማጥፊያ ያገለግላል። የመንደሩ ሕግ ቀላል ነበር፦ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ውሃው የመጠጥ ነው፤ ልብስ የሚታጠበው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራውን የመራችውም ሴት ናት ይላል የመንደሩ ትውፊት። ባሏ የቤተሰቡ አለቃ ቢሆንም በሹመት ሩቅ አገር ነበር።

ኩሬው ሙሉ ክብ ሳይሆን ግማሽ ጨረቃ ነው። ሙሉ ጨረቃ ከዚያ በኋላ መጉደል እንጂ ሌላ ዕጣ የላትም፤ ግማሿ ግን ገና ትሞላለች።

ከቤት ሌላ ሁይዡ በምን ይታወቃል?

በጽሕፈት ቀለም ይታወቃል። የሁይ ቀለም ከጥድ ወይም ከዘይት ጥቀርሻ ከእንስሳ ሙጫ ጋር ተለውሶ፣ ተወቅጦ፣ በተቀረጸ የእንጨት ቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ፣ ለወራት የሚደርቅ ዱላ ነው። ጸሐፊው ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጎ ድንጋይ ላይ ይፈገፍገዋል። ያ ድንጋይም ከዚሁ ከሁይዡ የሚወጣው ስመ ጥር ነው። በቲያትርም ስሙ ይጠራል። በ1790 ለንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ 80ኛ ልደት ወደ ቤጂንግ መሄድ የጀመሩት የሁይ የቲያትር ቡድኖች ዛሬ «የቤጂንግ ኦፔራ» ለምንለው መነሻ ሆነዋል። ቀይ ሻይ ለሚወድ ደግሞ የቺመን ሻይ አለ።

ምግቡ ጠንከር ይላል። ነጭ ፀጉር እስኪያወጣ የሻገተ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) በዘይት ተጠብሶ በሚጥሚጣ ይበላል። በጨው ታሽቶ በእንጨት በርሜል ለቀናት የተቀመጠ ዓሣም አለ። ሽታው ይከብዳል፣ ሥጋው ግን ንብርብር እያለ የሚላቀቅ፣ ጣፋጭ ነው።

ሄዶ ማየት ይቻላል? መቼ?

ይቻላል። ሺዲና ሆንግጹን መንደሮች ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፣ ሰውም ይኖርባቸዋል። ከሃንግዡ እስከ ሁዋንግሻን ፈጣን ባቡር አለ። በመጋቢት መጨረሻ አካባቢ የዉዩዋን ተራሮች በጎመን ዘር አበባ ቢጫ ይሆናሉ። ሰኔ ዝናብ ነው፤ ግን የሰማይ ጉድጓዱን ሥራ ማየት የፈለገ ሰው በዝናብ ቢሄድ ይሻለዋል። መንደሮቹ ቱሪስት ይበዛባቸዋል። እዚያው አድራችሁ ማለዳ ውጡ፤ ሴቶች ቦዩ ዳር አትክልት ሲያጥቡ ታገኛላችሁ።

ስለ ቤትና መንደር አቀማመጥ ያላቸው እምነት (ፌንግ ሹይ) አጉል እምነት ነው ወይስ ምህንድስና?

ሁለቱም አንድ ላይ የተሠሩ ናቸው፣ መለየትም ይከብዳል። ከኋላ ተራራ፣ ከፊት ውሃ ይሁን ይላሉ። ተራራው የሰሜኑን ነፋስ ይከልላል፣ ውሃው ይጠጣል። በመንደሩ መግቢያ ያለውን ዛፍ አትቁረጡ ይላሉ። ዛፉ ጎርፍና ነፋስ ይሰብራል። ሆንግጹን መግቢያ ላይ ካሉት ሁለት ጥንታዊ ዛፎች አንዱን ሙሽራ ትዞረዋለች፣ ሌላውን አስከሬን ይዞረዋል። እንዲህ ያለውን ዛፍ ማን በመጥረቢያ ይነካል?

ለምህንድስና ያልሆነም አለ። ብዙ የነጋዴ ቤት በሩን ወደ ደቡብ አያደርግም። በእነሱ ሥርዓት ንግድ ከብረት ጋር፣ ደቡብ ከእሳት ጋር ይያያዛል፤ እሳት ብረትን ያቀልጣል። ለዚህ ብለው ፀሐይ የሚገባበትን አቅጣጫ ትተዋል።

የሁይዡ የመታሰቢያ የድንጋይ ቅስቶች ለማን ነው የቆሙት? ሊያኮሩ ይገባል?

በሸ ወረዳ ታንግዩዌ መንደር ሰባት ቅስቶች በመንገዱ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሦስቱ የሚንግ፣ አራቱ የቺንግ ዘመን ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ለታማኝ ሹም፣ ወላጁን ላከበረ ልጅ፣ ለበጎ አድራጊ የቆሙ ናቸው። ሁለቱ ግን ባላቸው ሞቶ ዳግመኛ ሳያገቡ ለኖሩ ሴቶች ነው። እዚያው መንደር ለሴቶች ብቻ የተሠራ የዘር አዳራሽም አለ፤ ይህ በቻይና ብርቅ ነው።

የድንጋዩ ሥራ ያስደንቃል። የቆመለትን ነገር ሳስብ ግን ያመኛል። ልጅቷ ታገባለች፣ ባሏ ከወር በኋላ ለንግድ ይሄዳል፣ አንዳንዱ በዚያው ይቀራል። እሷ አማቶቿን እያስታመመች፣ ልጅ እያሳደገች፣ መስኮቱ ትንሽና ከፍ ባለ ቤት ታረጃለች። በ1905፣ በሸ ከተማ የመጨረሻው ቅስት ቆመ። ትንሽና ተራ የጡብ ሥራ ነው። የቆመው በሁይዡ እንዲህ ለኖሩ 65,078 ሴቶች በአንድነት ነው። የእያንዳንዷ ስም የለበትም። ወደ ሁይዡ የሚሄድ ሰው ከታላላቆቹ ሰባት ቅስቶች በፊት ይህን ቢያይ እመርጣለሁ።

አንድ የሁይዡ ቤት አሜሪካ ውስጥ አለ የሚባለው እውነት ነው? መውሰዱስ ልክ ነው?

እውነት ነው። ቦስተን አካባቢ የምትኖሩ በቅርብ ልታዩት ትችላላችሁ፤ ሳሌም ከተማ፣ ፒቦዲ ኤሴክስ ሙዚየም ውስጥ ነው። ስሙ ዪን ዩ ታንግ ይባላል። በ1800 አካባቢ ሁዋንግ የሚባል ነጋዴ ቤተሰብ በሺውኒንግ ወረዳ የሠራው፣ 16 መኝታ ክፍሎች ያሉት ቤት ነው። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ መኖሪያነት በኋላ በ1980ዎቹ ባዶውን ቀረ፤ ዘሮቹ በየከተማው ተበትነው ነበር። ሊሸጡት ሲወስኑ ሙዚየሙ ከአካባቢው ባለሥልጣናት ጋር ተስማምቶ ቤቱን ወሰደው። ምሰሶው፣ ወራጁ፣ ድንጋዩና ክዳኑ አንድ በአንድ ተነቅሎ በመርከብ ተጫነ፤ ቻይናውያን አናጢዎችና ግንበኞችም ሳሌም ድረስ መጥተው በመገጣጠሙ ሠሩ። ለሕዝብ የተከፈተው በ2003 ነው።

ልክ ነው ወይ ለሚለው መልሴ ከባድ ነው። ቤት ከመንደሩ፣ ከተራራውና ከቦዩ ተነጥሎ ግማሽ ነው። በሌላ በኩል በዚያ ዘመን ብዙ እንዲህ ያሉ ቤቶች ፈርሰው እንጨታቸው በቁራጭ ሲሸጥ ነበር። የሙዚየሙ ሰዎች ቤቱን ወደ 1800 ለመመለስ አልሞከሩም፤ ይህን እወድላቸዋለሁ። የማኦ ዘመን ድምፅ ማጉያ ሳይቀር ግድግዳው ላይ ትተውታል። ጣሪያውንም አልዘጉትም። ክረምት ሲመጣ የማሳቹሴትስ በረዶ በሰማይ ጉድጓዱ በኩል አዳራሹ ፊት ያለው ድንጋይ ላይ ይወርዳል።